የላታ አለቅነት

በቫቫኡ ደሴት ልጥ ቀጥቅጠው ሰፊ ጨርቅ ለሚሠሩት ሴቶች አለቃቸው ፉሲ ነበረች። አንድ ቀን ቀኝ እጇ ድንገት ሽባ ሆነ። ሴቶቹ «አንቺ አሁን እረፊ» አሏት። ለእሷ አስበው ነው፤ እሷን ግን አንጀቷን ቆረጣት።

ቤቷ ተቀምጣ ስትቆዝም የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ኦፋ ወለደችና፣ እስክትመለስ ልጆቹን እንድትይዝ የመንደሩ ሰዎች ፉሲን ለመኗት።

ልጆቹ ቀበጦች ናቸው። እንዲሥሉበት ነጭ የልጥ ጨርቅ ወለሉ ላይ ብትዘረጋላቸው በአንድ ቡርሽ አምስት ሆነው ተናነቁ። ቀለሙ ተደፋ። ፉሲ ሕግ አወጣች፦

«በየቀኑ አንድ አለቃ ይኖራል። አለቃ ቡርሽ አይነካም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሌላውን ያሠራል።»

የላታ ተራ ደረሰ። አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሚጥሚጣ።

«ሞሴሴ! ይሄ ዓሣ ነው አይጥ? አጥፋው! አንቺ ደግሞ ወደዚያ ሂጂ!»

«ራስሽ አይጥ!» አለ ሞሴሴ። ቡርሹን ወርውሮ ግቢው ውስጥ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ላታ ብቻዋን ቀረች። እንባዋ ወረደ።

«እማማ ፉሲ... እጄን ፈትቼ እንባዬን ልጥረግ?»

ፉሲ በግራ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ጉንጯን ጠረገችላት።

«ጥለውኝ ሄዱ» አለች ላታ።

«ሞሴሴ መሣል የሚወደው ምንድን ነው፣ የኔ እናት?»

«ዓሣ። ዓሣ ብቻ!»

«እና አንቺ ምን አልሽው?»

ላታ እጇን እንዳጣመረች ወደ ማንጎው አዘገመች።

«ሞሴሴ፣ ዓሣህ አይጥ አይመስልም። ትንሽ ብቻ ነው የሚመስለው።»

«ሂጂ ወዲያ!»

«ብቻውን እኮ ነው፤ ያሳዝናል። ጓደኛ ሣልለት፣ እባክህ?»

ሞሴሴ አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። «ቀዩን ቡርሽ እኔ እይዛለሁ።»

«ያዝ በቃ።»

አንድ በአንድ ተመለሱ። ላታ በጨርቁ ዙሪያ እየተዘዋወረች «አንቺ ማዕበሉን ትሠሪልናለሽ?» ስትል፣ ፉሲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የራሷን እንባ ጠረገች። በዚያ ሌሊት፣ ከታመመች ወዲህ አይታው የማታውቀውን እንቅልፍ ተኛች።

ኦፋ ልጇን አዝላ ስትመለስ ጨርቁ ተሰቅሎ ግድግዳውን ሞልቶት አገኘችው። ፉሲ ነጠላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አለች ኦፋ። «እኔ እነዚህን ብቻዬን አልችላቸውም። ይቀመጡ እንጂ።»

ፉሲ ተቀመጠች። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።