ፑሊው ላይ የለጠፍኩት በረከት

ኢምባካሲ በሚባለው የወርክሾፖች ሰፈር በኩል ሳልፍ፣ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ መስኮቱ ክፍት ከሆነ፣ ከአንዱ ወርክሾፕ የተቃጠለ የማሽን ዘይት ሽታ ይገባል። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ወደ ሃያ ዓመቴ እመለሳለሁ፤ እዚያ የሚግል ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ከጋሼ አጠገብ።

ጋሼ የምለው የቶርኖ አስተማሪዬን ነው። እንደ እኔ ስደተኛ ነበር፤ ብረት መቅረጽ የተማረው ግን ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ መሪው በእጅ በሚዞር ቶርኖ ነው። ብረቱ ሲሽከረከር ጆሮውን ያዘነብልና "ስድስት መቶ" ይላል፤ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር ማለቱ ነው። ኮምፒውተር ያለውን የወርክሾፑን ቶርኖ ስክሪን ሳየው፣ ስድስት መቶ። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም፤ እቀናበትም ነበር።

የውሃ ፓምፕ ዘንጎች የመጡ ሰሞን፣ ትልቅ ሥራ ነበርና፣ ቸርች የታደለንን ብርማ ስቲከር ይዤ ገባሁ። "ጌታ ይባርክ" ይላል። እኛ ዘንድ በር፣ ፍሪጅ፣ ስልክ ሳይቀር ይለጠፍበታል። ውጭ ቢሆን ዘይት ያበላሸዋል ብዬ የማሽኑን ክዳን ከፈትኩና ከብረቱ ጋር አብሮ በሚዞረው መዘውር፣ ፑሊው ላይ፣ ቺንጋው የማይነካው ቦታ ለጠፍኩት። በረከቱም አብሮ ይዙር ብዬ ነው። አትሳቅብኝ።

በዚያው ቀን ዘንጎቹ ላይ የሚወጣው የብሎን ጥርስ ተበላሸ፤ መጠጋጋት ሲገባው ተራርቆ ወጣ። ስክሪኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ጋሼ ጆሮውን አዘነበለ። "ስድስት መቶ ነው። ማሽኑ ይዋሻል።"

የወርክሾፑ ባለቤት ኤሌክትሪክ የሚጠግን ፉንዲ አስመጣ። ፉንዲው ፍጥነት የሚቆጥረውን ሴንሰር ለወጠ፣ ሽቦውንም ለወጠ። ፑሊው ላይ ያለችው ብርማ ቴፕ ባብለጨለጨች ቁጥር ሴንሰሩ አንድ ዙር ይቆጥራል እያለ ለባለቤቱ ሲያስረዳ እሰማለሁ፤ ልቤ ግን ጋሼ ላይ ነበር። የእኔንም ስቲከር ፉንዲው አይቶት መሆን አለበት። የእኛን ፊደል አያነብም፤ ከማሽኑ ጋር የመጣ መስሎት አልፎታል። አዲሱም ሴንሰር ያንኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሳየ።

"ሙዜ፣ ስክሪን አይዋሽም" አለ ባለቤቱ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። "ጆሮህ አርጅቷል። ፕሮግራሙንም ያበላሸኸው አንተ ነህ።"

ጋሼ መነጽሩን በቱታው ጫፍ ደጋግሞ ጠረገ። ረቡዕ ዕለት ባለቤቱ አሰናበተው። ያለ ሥራ ፈቃድ ወረቀት የሚቀጥረው ሌላ ቦታ እንደማያገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዓርብ ለጽዳት ክዳኑን ስከፍት ፑሊው ላይ ሁለት ብርማ ነገር አየሁ፤ ቴፗንና ስቲከሬን። የፉንዲው ነገር ያኔ ነው የገባኝ፤ ሴንሰሩ አንዱን ዙር ሁለቴ ሲቆጥር፣ ማሽኑም መቁረጫውን በዚያው ልክ እጥፍ ሲያስሮጥ ነው የከረመው። ስቲከሬን በጥፍሬ ፋቅሁት። ማሽኑን አስነሳሁ፤ ስድስት መቶ። ጥርሱም ልክ ወጣ። ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ ያንቺ ነው" አለኝ።

እናገራለሁ ብዬ ነበር። እኔም ወረቀት የለኝም፤ ፈራሁ። እውነቱን ልንገርህ ካልኩ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሁድ፣ ስደተኞቹ በምንኖርበት ኢስትሊ፣ ቸርች ደጅ ላይ ጋሼ ቆሞ ጠበቀኝ።

"አስተካከልሽው አሉ፣ ልጄ" አለኝ። "እኔማ ጆሮዬ ከድቶኝ ስንቱን ዘንግ አበላሸሁ። አንቺ ባትኖሪ የስንቱን ሰው እንጀራ እዘጋ ነበር።"

ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ባረከኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስቀር፣ እጄንም፣ ዓይኔንም፣ ጆሮዬንም።

አሜን አልኩ።