የቁም ተዝካሬ በመካነ ኢየሱስ

ዝናብ ያረሰረሰው የድንኳን ሸራ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ የጎማ፣ የአሮጌ ገመድና የእርጥብ ሣር ድብልቅ ነው። በሰፈራችን ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ይህ ሽታ በመስኮቴ ይገባል። እንደ ደንቡ ቢሆን ሊያስታውሰኝ የሚገባው ባለቤቴ ያረፈችበትንና እዚሁ ባሕር ዳር በቤቴ ደጅ ድንኳን የተጣለበትን ሰሞን ነበር። እርሱን ግን አያስታውሰኝም። የሚያስታውሰኝ ከዚያ በኋላ ዓመት አልፎት፣ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ መካነ ኢየሱስን ስዞር የዋልሁበትን አንድ የጥቅምት ቀን ነው። ለምን እንደ ሆነ ልንገርህ፤ ጥቂት ታገሠኝ።

ልጅቱ ስምንት፣ ወንዱ አምስት ዓመታቸው ነበር። አያታቸው ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጸጥታ ስለ ከበዳቸው፣ ምሽት ምሽት በልጅነቴ ስለ ተማርሁባት የእስቴ ከተማ፣ ስለ መካነ ኢየሱስ፣ አወራላቸው ነበር። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወንዙ፣ በዳገቱ ላይ ስለ ነበረው ብርድ ነገርኋቸው። በመጨረሻም፣ “እዚያ አገር የማያውቀኝ ሰው የለም” አልኋቸው። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ያላጣራውን ነገር እንዲህ አፉን ሞልቶ መናገር አልነበረበትም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው በምድር ላይ የቀረ አይመስለኝም ነበር። ጉዞው ልጆቹን ለማዝናናት ነው ብልም፣ የሄድሁት አንድ ሰው “አወቅሁህ” ሲለኝ ለመስማት ነበር።

ደብረ ታቦር አድረን በማለዳው መኪና ተሳፈርን። የገብሱ ማሳ ቢጫ ለብሷል፤ ጉና በስተምሥራቅ በኩል ደመናውን እንደ ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ወንዱ ልጅ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ፣ ተራራው ለምን እንደሚከተለን ደጋግሞ ጠየቀኝ። ስለ ርቀትና ስለ ዕይታ ማዕዘን በቅጡ አስረዳሁት። ሰምቶ ሲያበቃ፣ “ሳይለምደን አልቀረም” አለ።

መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ልጆቹ ከአፋቸው ጭስ መውጣቱን አይተው አንዱ በሌላው ፊት ላይ እየተነፈሱ ሣቁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ትኩስ ፓስቲ በሻይ በላን። ሻይ ቤቷን የያዙትን ሽማግሌ አተኩሬ ተመለከትኋቸው፤ እሳቸውም ተመለከቱኝ፤ ከዚያ ሒሳቡን ነገሩኝ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ፣ “እኒህ አያውቁህም እንዴ?” አለችኝ። ከሌላ ወረዳ የመጡ ይሆናሉ አልኋት።

ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣን። በድንጋይ የታነፀውን ረጅም ክፍል አሳያችኋለሁ ብዬ ነበር፤ በስፍራው ባለ ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል። ጥበቃው መታወቂያ ካላሳየሁ እንደማያስገባኝ ነገረኝ። እኔ እዚህ ነው የተማርሁት አልሁት። “አባቴ፣ እሱንማ ያላለኝ ሰው የለም” አለኝ በትሕትና። በገዛ ትምህርት ቤቴ ደጅ መታወቂያ ማውጣቱ ክብሬን የሚነካ መስሎኝ ተመለስሁ። ወርደን ወንዙን አየን። እኛ የደንብ ልብሳችንን አጥበን የምናሰጣበት ሰፊ ድንጋይ አሁንም አለ፤ ልጆቹ ወጥተው ዘለሉበት። ደስ አላቸው፤ ሆኖም ድንጋይ ሰውን አያውቅም።

የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከስማዳ በኩል ስንቄን ተሸክሜ በእግሬ መጥቼ ስማር፣ በርበሬና ጨው ከምትቸረችር አንዲት ባልቴት ዘንድ ጓዳዋን ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ባልቴቷ ከእኔ በሦስት ዓመት የምታንስ አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ወንድም ጋሼ ትለኝ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ አባቴ ስንቅ ሊያደርስልኝ አይችልም። ያን ጊዜ ልጅቱ ማታ ራቷን ትበላና ለእናቷ አልጠገብሁም ትላለች፤ የተጨመረላትን በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በኩል ታመጣልኛለች። እናትየዋ፣ “ይህች ልጅ የት ነው የምትከተው?” ስትል በግድግዳው ማዶ እሰማት ነበር። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ሣቅ እንደ ነበረበት የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ከልጅቱ ጋር የተገናኘነው እኔ ለወላጆቼ ቀብር ስመጣ ብቻ ነበር፤ ኋላ በሚመላለስ ነጋዴ ሰላምታ እንላላክ ጀመር።

ያ ቤት የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ሆኗል። ባለሱቁ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ጎልማሳ ነው፤ ስልኩን ሲነካካ አገኘነው። እዚህ ትኖር የነበረችውን የበርበሬ ነጋዴዋን ልጅ ጠየቅሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንደምትኖር ነገረኝና ምኗ እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ። በእናቷ ቤት ያደግሁ ነኝ ብዬ ስሜን እስከ አባቴ ነገርሁት።

ባለሱቁ ስልኩን አስቀመጠ። “አባቴ፣ ሳይሳሳቱ አልቀሩም። እኒያ መምህር ሞተዋል” አለኝ። ከዚያም ያላመንሁት ስለ መሰለው፣ “ተዝካራቸውን እዚሁ በልተናል። ወንበሩን ያከራየሁት እኔ ነኝ” አለ።

የሚስማሩን ሣጥን ተደገፍሁ። የልጅ ልጄ ቀና ብላ ዐየችኝ፤ ፊቷ ላይ ፌዝ አልነበረም።

“አባባ፣ ሞተሃል እንዴ?”

በማስተማር ዘመኔ ከተማሪዎቼ ሁሉ ማስረጃ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ የማቀርበው ማስረጃ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ለጥበቃው የነፈግሁትን መታወቂያ ከኪሴ አውጥቼ ለባለሱቁ ሰጠሁት። አነበበ፤ ፎቶግራፉን ዐየ፤ ፊቴን ዐየ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያም በስመ አብ ብሎ አማተበና ራሱ ከሚቀመጥበት በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሰላምታ የሚያመላልስልን ነጋዴ ባሕር ዳር ሲመጣ በደጄ ድንኳን ተጥሎ፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ያገኛል። በወንዶቹ መካከል ቢፈልገኝ የለሁም፤ እኔ በዚያ ሰዓት ታምሜ ጓዳ ተኝቻለሁ። በለቅሶ ቤት ደጅ ቆሞ የሞተው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ገብቶ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ቀመሰ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወጣና መርዶውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ፤ የሚያስተባብል አልተገኘም። እኔ ባሕር ዳር ባለቤቴን ሳለቅስ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ እዚህ እኔን ታለቅሰኝ ነበር። በዚህ አገር ሌላ ዘመድ ስላልነበረኝም ተዝካሩን ያወጣችው ብቻዋን ነው።

ተነሥቼ ልሄድ ስል ባለሱቁ ክንዴን ያዘኝ። “እንዲህ በድንገት ቢታዩዋትማ ትሞትብናለች” አለኝ። እውነቱን ነው። ሞትን ለሰው የምንነግርበት የታወቀ ሥርዓት አለን፤ ሞቷል የተባለ ሰው መኖሩን የምንነግርበት ሥርዓት ግን ማናችንም አልተማርንም። ባለሱቁ አስቦ አስቦ የሚያውቀውን አደረገ። የንስሐ አባቷን ጠራ፣ ሁለት የተከበሩ ጎረቤቶች አስከተለ፤ ሱቁን ዘግቶ ሁላችንም ዳገቱን ወጣን። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመካከል፣ እኔ ሁለቱን ልጆች ይዤ ከኋላ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ የባሕር ዛፉ ጥላ በመንገዱ ላይ ተጋድሟል። ከሩቅ ለሚያየን ሰው ምን እንደምንመስል ያኔ አልታየኝም።

እርሷ ደጇ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ሽታው ከአጥሩ ውጭ ተቀበለኝ፤ የጓዳዬ ሽታ ነው። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳለች። ቀና ብላ ቄሱን፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን ዐየች። እጇ ላይ የነበረው በርበሬ ወደቀ።

“ማነው? ልጄ ነው?”

የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ልጅ ነበራት። ቄሱ፣ “ተቀመጪ ልጄ፣ ተረጋጊ፤ ማንም አልሞተም” አሏት። በአገራችን መርዶ ነጋሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ይህንኑ ነው። እርሷም ታውቀዋለች። ደረቷን ደቃች። ቄሱ እውነቱን ለማስረዳት በተጠጉ ቁጥር፣ ጎረቤቶቹ ክንዷን ሊይዙ በዘረጉ ቁጥር፣ የልጇ ሞት ይበልጥ ተረጋገጠላት። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ፤ ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ሱሪዬን ጨምድዶ ጮኸ። እኔ፣ ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆንሁት፣ ከኋላ ቆሜ ቀረሁ፤ ለእኔ የተለቀሰውን ለቅሶ ነበር የማየው።

ልጅቱ እጄን አስለቅቃ ሄደች። በሰዎቹ እግር መካከል ሹልክ ብላ የሴትዮዋን ቀሚስ ያዘች።

“እማማ፣ አታልቅሺ። የኛ አባባ ነው እኮ። አልሞተም።”

ልጅቱ በጣቷ ጠቆመችኝ፤ የሴትዮዋ ዐይን ወደ እኔ ዞረ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለቅሶው ከዳር እስከ ዳር ቀስ በቀስ ቆመ። ወደ እኔ መጣች፤ እጇ በርበሬ ስለ ነካው በመዳፏ አልነካችኝም፤ በክንዷ ጉንጬን ዳሰሰችው፣ ግንባሬን ዳሰሰችው።

በመጨረሻ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ምነው ከሳህ?” አለችኝ። “ተዝካርህን አገሩ ሁሉ ጠግቦ ሲሄድ አንተ ብቻ ጦምህን ቀረህ?”

መጀመሪያ የሣቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ በእንባ የራሰ ፊት ሁሉ ሣቀ። የተዝካሩ ምግብ ተበልቶ፣ ጸሎቱም ደርሶ ስላለቀ ምን ይሁን ብለው ጎረቤቶቹ ሲጠይቁ፣ ቄሱ መስቀላቸውን እያሳለሙኝ፣ “ወራሽ የሌለው ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለ? ይህም የቁም ተዝካር ሆኖ ይያዝልዎታል” አሉኝ። ሸክሙ ከሁላችንም ላይ ወረደ።

ቤት አስገባችን። ለልጆቹ የሚበላ አቀረበች፤ የእኔን ሳህን ሳትጠይቀኝ ደገመችው። ከዚያ ጥቁር ሻሿን ፈታችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ፀጉሯ ሁሉ ነጭ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ጎረቤቶች ሐዘኑን አውልቂ ቢሏት፣ እዚህ ሌላ የሚለብስለት የለም ብላ እምቢ እንዳለች ባለሱቁ ነገረኝ። እርሷ ልጆቹ ሲበሉ እያየች ፈገግ ትል ነበር። ከዚያ እጇ ሻሹ ላይ ቆመ።

“ታዲያ ያ ድንኳን የማን ነበር?”

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተች ብዬ በራሴ አፍ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሌሎች ነበሩ የሚናገሩልኝ።

“የባለቤቴ” አልኋት። “ሞተችብኝ።”

ሻሹን ከጉልበቷ ላይ አነሣች፤ አጣጠፈችው፤ እንደገና ራሷ ላይ አሰረችው። እንዳትለብስ ልለምናት ሞከርሁ፤ ባለቤቴን አንድ ቀን እንኳ አይታት እንደማታውቅ ነገርኋት።

“አንተን እስከ ዛሬ ያኖረችልኝ እሷ አይደለችም?” አለችኝ። ከዚያም ወደ ቄሱ እያየች፣ “ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኋት። ቄሱ ከአፌ ተቀብለው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

በመጨረሻው መኪና ተመለስን። ወንዱ ልጅ ጭኔ ላይ ተኝቷል፤ ፀጉሩ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ጉና ጨለማው ውስጥ ገብቶ አይታይም። ልጅቱ በዚያ አገር የማያውቀኝ ሰው የለም ያልሁት እውነት አለመሆኑን ነገረችኝ። ልክ ነሽ አልኋት።

“አያቴን ግን ከእንግዲህ ያውቋታል፣ አይደል?”

“ያውቋታል” አልኋት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የተኛች መስሎኝ ጋቢዬን ላለብሳት ጎንበስ ስል፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችውን የአያቷን ስመ ክርስትና፣ እንዳይጠፋት ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ እየደጋገመችው ነበር።