ሽማግሌው ሲሄዱ ስርቆቱ ቆመ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ባለቤቴም ሳትሰማው ሞተች።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ተዘጋግቶ ከአዲስ አበባ ዕቃ መምጣቱን ሲያቆም መደርደሪያዬ ባዶ ቀረ። ያኔ ነው የተፈታታ ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሱቄን የለመዱት። ከየት አመጣችሁት ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ዕቃ ገዛሁ፤ ደግሜም ገዛሁ። ከተማው ሌባ በዛ ብሎ ሲያማርር እኔም አብሬ አማረርኩ። ሌባና ተቀባይ እንዲሉ፣ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበያተኛው የሚያቆማቸውን ሞተሮች ይጠብቁ ነበር። ምሳችንን ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። አንድ ቀን የአንድ አስተማሪ ሞተር ከእጃቸው ጠፋ። ሰው ሁሉ ተኝተው ነው፣ ኧረ ከሌቦቹ ጋር ተሻርከው ነው አለ። አልተኙም። ሌባው የባለቤቱ ወንድም ነኝ ብሎ፣ ቁልፍ አሳይቶ፣ አታሏቸው ነው የወሰደው። ከሱቄ ሆኜ አየሁት፤ ዕቃ ከሚያመጡልኝ አንዱ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ያየኸውን መስክርልኝ ብለው ለመኑኝ። እኔስ ምን አልኩ? አላየሁም አልኩ። ሌባው ቢያዝ ፖሊስን የሚመራው ወደ እኔ ጓዳ ነበራ።

ከጥበቃ ሥራቸው አባረሯቸው። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተከፈተ፤ አዲስ ዕቃ እንደ ልብ ገባ፤ እኔም የተሰረቀውን መግዛት ተውኩ። ገዢ ሲጠፋ ስርቆቱም ቀነሰ። ከተማው ግን ሽማግሌው ሲሄዱ ስርቆቱ ቆመ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አለ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ፣ አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ከዚያ ጀምሮ ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ።

ባለፈው ክረምት እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ አርጆ ወረድኩ። እዚያ ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል። ገና ሲያዩኝ አቅፈው ሳሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ከነቀምቴ ሰው መጥቶ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

ያቀረቡልኝን እርጎ ጠጣሁ። መርቀው ሸኙኝ። ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ማረኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። አርጆ የሄድኩ ዕለት ፖሊስ ፈርቼ ዝም አልኩ ብል እዋሻለሁ። እንደዚያ አቅፎ የሚስመኝ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። ይህም ሰበብ አይሆነኝም።