በጋሼ ጃቫ አፕሊኬሽን ውስጥ የገባው ዶሮ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጠጋኟ» ይሏታል። ስሙን አትወደውም፤ ሥራውን ግን ነፍሷን ትሰጥለታለች። እናቷ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?» ባለቻት ቁጥር «የቆመ ቤት ላይ ግድግዳ ሳልነካ መስኮት እገጥማለሁ» ትላታለች። እናት ሆዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አናጢ ሆነች» ብላ አረፈችው።

ቤት የተባለው የጋሼ ጃቫ አፕሊኬሽን ነው። ጋሼ ጃቫ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የመዝገቡን፣ የፈቃዱንና የአቤቱታውን አፕሊኬሽን ብቻቸውን ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉ፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ስልኩ ላይ እንዳለው ያለ የሚያምር የቀን መምረጫ እስከ ሐሙስ ካላየ ሦስቱንም ነቅሎ ሊጥላቸው ዝቷል። ለመምረጫው ውበት ጠጋኟ ደንታም አልነበራት። የጨነቃት፣ ሥራ ያስተማሯት ሰውዬ ልፋታቸው ዓይናቸው እያየ እንዳይጣል ነው።

ስለዚህ መምረጫውን ለብቻው እንደ አንድ የድረ ገጽ ቁራጭ ሠርታ፣ በአንድ ፋይል ጠቅልላ ፕለጊን፣ ማለትም የሚሰካና የሚነቀል ተቀጥላ፣ አደረገችው። ጋሼ ድሮ ለክፉ ቀን ብለው የተዉት፣ ሦስቱም አፕሊኬሽኖች የሚያነቡት የጋራ ፎልደር አለ። ፋይሉን እዚያ ሲጥሉት መምረጫው ሦስቱም ላይ ብቅ ይላል፤ ሲያነሱት ድራሹ ይጠፋል። ከጋሼ ኮድ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አይነካም።

ጉድ ያመጣው የመሞከሪያ ዘዴዋ ነው። ሦስት ስክሪን በአንዴ ማየት ስለማትችል በጆሮዋ ነበር የምትሞክረው፤ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር «ኩኩሉ» ብሎ የሚጮህ ሌላ ትንሽ ፕለጊን ሠርታ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጥላዋለች። ዶሮው ከጮኸ ፎልደሩ ተነቧል ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት መምረጫውን አስተካከለች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ቀሚሷን አስተካከለች። ዶሮውን ረሳችው።

በስብሰባው ላይ እንዲያሳዩ የተጠሩት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ነበሩ። አፕሊኬሽኑ መመዝገቡን ነግሯቸው ስለማያውቅ፣ እትዬ ሁሉንም ነገር ሦስት ጊዜ ይመዘግባሉ፤ በእሳቸው መዝገብ መሠረት መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ሦስት እጥፍ ያስተዳድራል። ቀኑን መረጡ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። ከዚያ «መዝግብ»ን ተጫኑ።

«ኩኩሉ!» አለ ድምፅ ማጉያው።

«አልነጋም!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የልጅነቱ ድብብቆሽ ከአፉ አምልጦት። ወዲያው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ይሄ ነው አዲሱ ነገር? ሦስቱም ይነቀሉ!»

ጠጋኟ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሼ ጃቫ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አንድ ደቂቃ!» ብላ ተወርውራ ፎልደሩን ከፈተች፤ አፕሊኬሽኑን ሳትዘጋ የዶሮውን ፋይል አወጣችው። «እትዬ፣ እስቲ አሁን ይጫኑት።»

ተጫኑ። ጸጥ። መምረጫው በቦታው፣ መዝገቡ በቦታው፤ ዶሮው ግን የለም።

«በቃ? ምንም ሳይፈርስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሲፈልጉ ይሰኩታል፣ ሲያስጠላዎት ይነቅሉታል። የጋሼን ኮድ ማንም አልነካውም።»

ሥራ አስኪያጁ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «እንዲህማ ከሆነ አፕሊኬሽኖቹ ይቆዩ» አለ። ጠጋኟ እንባዋ መጣ።

እጃቸውን ያወጡት እትዬ ናቸው። «እኔ ግን ዶሮዬን መልሱልኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ መመዝገቡን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ተመለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ከመዝገብ ቤት «ኩኩሉ!» በተሰማ ቁጥር ኮሪደሩ በሙሉ «አልነጋም!» ይላል፤ ሥራ አስኪያጁም በሩን ዘግቶ ይላል።

ከወር በኋላ ጋሼ ጃቫ የራሳቸውን የጡረታ ፎርም ሊሞሉ መዝገብ ቤት ገቡ። ቀኑን በጠጋኟ መምረጫ መርጠው «መዝግብ»ን ተጫኑ። ዶሮው ጮኸ። የዚያን ቀን ከኮሪደሩ የሚመልስ ጠፋ። ጋሼ ጥቂት ጠበቁና ኮታቸውን ከወንበሩ አንስተው፣

«በሉ እንግዲህ፣ ነጋ» አሉ።