ዲ የሌለው ኮምፒውተር

በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሚሠራ ፕሮግራም ሰው ቢሮ ወስዳችሁ ስትከፍቱት ጉድ አድርጓችሁ ያውቃል? እኔን አድርጎኛል፤ ጉዳቱ ግን የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው።

ወረታ ኮምፒውተር ለማስተማር የገባሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደሳለኝ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «ስማ መምህር፣ እዚህ ቫይረስ እንደ ፎገራ ትንኝ ነው። ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል በየጊዜው ፎርማት ተደርጎ ይጠረጋል፤ ዲ ግን አይነካም። ነፍስህን ሳይቀር ዲ ላይ አስቀምጥ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ለተማሪዎቼም ይህንኑ አስተማርሁ።

ጎርፍ ሩዙን በበላበት ዓመት የአንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ዝናሽ መጣች። ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ የሚዘራ የሽምብራ ዘር ሊታደል ስለሆነ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፈለገች።

«የእኛው ግን ዊንዶውስ አይደለም፤ ቫይረስ ቢያስመርረን ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት አስጫንን» አለችኝ።

«በሁለቱም የሚሠራ እጽፋለሁ» አልኋት።

ጻፍሁ። በሁለቱም ተከፈተ። እኔም መፈተን ማለት ይኸው መስሎኝ አበቃሁ።

ምዝገባው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ፤ መዝጋቢው እኔው ነበርሁ። ሰዉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተሰልፏል። ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ጥሩነሽ ተራቸው ሲደርስ፣ «ልጄ፣ ወረቀት ላይም ጻፈኝ እንጂ። ይኸ ሳጥን መብራት ሲሄድ ዓይኑን ይጨፍናል» አሉ።

«አይዞዎት እማማ፣ እሱ አይረሳም» አልኋቸው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ዝናሽ ኮምፒውተሩን አብርታ ፕሮግራሙን ከፈተችው። አንድም ስም የለም። «ያን ሁሉ ሰው ምን ልበለው?» አለችኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከቀትር በኋላ ነው። እንደ ልማዴ ዝርዝሩ ዲ ላይ እንዲቀመጥ አዝዤ ነበር። ሊኑክስ ዲ የሚባል ነገር የለውም፤ ሆኖም ስሕተት ነው ብሎ አልጮኸም። ትእዛዜን እንደ ተራ የፋይል ስም ወሰደና ፕሮግራሙ በተከፈተበት አቃፊ (ፎልደር) ውስጥ አስቀመጠው። ፕሮግራሙን ደግሞ ታምቆ ከመጣበት ዚፕ ፋይል ሳናወጣ በቀጥታ ስለከፈትነው፣ ያ አቃፊ ጊዜያዊ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ከነዝርዝሩ ተጠረገ።

ሰዉን ከየጎጡ እንደገና ጠርቶ መመዝገብ ከሳምንት በላይ ወሰደ። ፀሐዩም በረታ። እማማ ጥሩነሽ ዘራቸውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ልጄ። እንግዲህ ቆልቼ እበላዋለሁ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ምን ታደርግ» ብለው ሄዱ።

ፕሮግራሙን አርሜዋለሁ። አሁን ማስቀመጫውን እኔ አልወስንም፤ ፕሮግራሙ ራሱ የተጠቃሚው አቃፊ የት እንደሆነ ሥርዓቱን ይጠይቃል። ፕሮግራም በሌላ ሥርዓት ላይ ሠራ የሚባለው ሲከፈት ሳይሆን ያስቀመጠው በማግሥቱ ሲገኝ ነው።

እናንተም የጻፋችሁትን ይዛችሁ የእናንተ ያልሆነ፣ ሥርዓቱም የተለየ ኮምፒውተር ዘንድ ሂዱ። አንድ ስም መዝግቡ። ኮምፒውተሩን አጥፉት፣ አብሩት፤ ከዚያ ስሙን ፈልጉት።