የእሑድ ዋና

ላውንደሪው ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «ዝምታ» ይሏታል። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ የሰው ኮት፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው የድግስ ቀሚስ ስትተኩስ ትውልና ሥራ ሲያበቃ ከማንም ጋር ሳታወጋ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ቤት አባቷ ይጠብቃታል።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ተሳሰረ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነበር የሚሠራው። እሷ ደግሞ ትምህርቷን ጨርሳ ገና ምን ልሁን እያለች ነበር። ማጠቡም፣ ማገላበጡም፣ በማንኪያ ማብላቱም እሷ ላይ ወደቀ። ሥራ ስትሄድ ጎረቤታቸው እትዬ ብቅ እያሉ ያዩላታል እንጂ ሌላ ረዳት አልነበራትም። እኩዮቿ ሲዘንጡ፣ ሲያፈቅሩ፣ ሲጣሉ፣ እሷ ወጣትነቷን በመስኮት እንደሚያልፍ መንገደኛ ዝም ብላ አየችው።

በኋላ ወንድሟ የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋና አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣ። ሳይሰነብት እንዲህ አላት፦

«እሑድ እሑድ አባዬን ለእኔ ተይልኝ። ውጪ፣ ተዝናኚ።»

«ወጥቼ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ሰው የሚያደርገውን አድርጊ።»

በመጀመሪያው እሑድ ወጣች። እግሯ እስኪዝል ተንከራተተች፤ ብርቱካን ገዝታ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በላች፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ስለጠፋት እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሰች። መዝናናትም ለካ ልምድ ይፈልጋል።

ይህን ላውንደሪው ውስጥ የቆሸሸ ልብስ ለምትለየው ባልደረባዋ ነገረቻት። ልጅቷን ሁሉም «ሳቂታ» ነው የሚላት፤ ያን ዕለትም ስሟን አላሳፈረችም፤ የልብሱ ክምር ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«አንቺ እኮ በሩ ተከፍቶላት መውጫው የጠፋት እስረኛ ነሽ። በሚቀጥለው እሑድ ዋና እንማራለን።»

«ውሃ እፈራለሁ።»

«እኔስ? አብረን እንሰምጣለን።»

መዋኛው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የክሎሪኑ ሽታ ከበሩ ጀምሮ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዝምታ የተዋሰችው የዋና ልብስ ትከሻዋ ላይ እየተንሸራተተ፣ በሁለት እጇ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ ብላ ያዘች። አሠልጣኟ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ደልዳላ ሴት ነበሩ።

«ልቀቂው።»

«ብለቀው እሰምጣለሁ።»

«መዳፌ ጀርባሽ ላይ ነው። ውሃ የሚውጠው የሚታገለውን ነው። ተኚበት።»

የሞት ሞቷን ለቀቀች። ጆሮዎቿ ውሃው ውስጥ ሲገቡ የአዳራሹ ጫጫታ ጠፋ። የጣሪያው መብራት ፊቷ ላይ ይወዛወዛል። ማንም አልጠራትም፤ ማንም አገላብጪኝ፣ ደግፊኝ አላላትም። ገላዋ ቀለላት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የራሷ ሆኖ ተሰማት። ሳታስበው ሳቀች። ሳቂታ ያን ሳቅ ስትሰማ ሌላ ሰው መስሏት ዞራ ነበር።

ሳቋን ሳትጨርስ ግን አባቷ ትዝ አላት። በልቶ ይሆን? ቢያንቀውስ? ሰውነቷ ደርቆ ወደ ታች ወረደ፤ ውሃ ጠጣች። እያሳለች ወጣችና ፀጉሯን እንኳ ሳታደርቅ ወደ ቤቷ በረረች።

አባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተቀምጧል። ማንኪያው ግራ እጁ ውስጥ ነው። ሾርባው አገጩ ላይ፣ ሸሚዙ ላይ፣ ወለሉ ላይ ፈሷል። ወንድሟ ትይዩ ተቀምጦ እጁን አጣምሮ ያየዋል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየበላ ነው።»

«እየፈሰሰበት እኮ ነው!» ማንኪያውን ከአባቷ እጅ ቀማችው።

«ግራ እጁ ደህና ነው። እስከዛሬ ማን ሞክሮት ያውቃል?»

ይህቺ ቃል አመመቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ያለችውን ሰው ያን ቀን ጋሼነቱን ረሳችው።

«አንተ የት ነበርክ? ሳገላብጠው፣ ሳጥበው፣ ሲያቃስት አብሬው ሳነጋ የት ነበርክና ነው ዛሬ አስተማሪ የምትሆንብኝ?»

ወንድሟ አቀረቀረ። ያኔ አባቷ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ፤ ከንፈሩ ብዙ ታገለ።

«ተ... ተዪ። ይ... ይፍሰስ።»

እጁን ወደ ማንኪያው ዘረጋ። ሰጠችውና መታጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ከፀጉሯ የሚንጠባጠበውና ከዓይኗ የሚወርደው ተቀላቀለ።

ሳምንቱን ካውያዋ ላይ አቀርቅራ ስታሰላስል ሰነበተች። በእጇ ታበላው የነበረው እሱ ስላቃተው ነው ወይስ ሥራ ስለሚረፍድባት? ደግሞስ ካላስፈለገችው እሷ ማን ናት? «ለአባቴ ስል ቀረሁ» የምትለው ነገር መከራዋ ብቻ ሳይሆን መጽናኛዋም ነበር። ከሁሉ የባሰባት ግን ውሃውን መውደዷ ነው። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታው ያ ቅለት ትዝ ይላታል፤ ወዲያው ታፍራለች። አባቷ አልጋ ላይ፣ እሷ ገንዳ ውስጥ ስትገለፍጥ!

በቀጣዩ እሑድ ራሴን አሞኛል ብላ ለሳቂታ ደወለችና ቀረች። ወንድሟ ሥራ የሚያስገባ ሰው ሊያገኝ ወጥቷል። እሷ አባቷ አጠገብ ልብስ ታጥፋለች።

«ው... ውሃ» አላት።

በብርጭቆ አመጣችለት። ራሱን ነቀነቀ። ቀዝቅዞት ይሆናል ብላ ለብ ያለ አመጣች። ገፋው።

«መታጠብ ነው የምትፈልገው አባዬ?»

ተናደደ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ግራ እጁን ቀስ ብሎ አነሳና አየሩን እየቀዘፈ አሳያት። ዋና እንደምትማር ወንድሟ ነግሮት ኖሯል።

«ሂጂ» አለ። ይህቺ ቃል ሳትሰባበር ወጣች።

«ብቻህን?»

በአገጩ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ጠቆማት። አንድ ልቧ ሂጂ፣ አንድ ልቧ ቅሪ እያላት ለእትዬ አደራ ሰጥታ ወጣች። አርፍዳ ስትደርስ አሠልጣኟ በእጃቸው ውሃውን አሳዩዋት።

ከወራት በኋላ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። በሚሄድበት ቀን በር ላይ «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ስትል አቋረጣት።

«ተይው። ልክ ነበርሽ።»

«አንተም» አለችው።

አባቷ አሁን በግራ እጁ ይበላል፤ የጠረጴዛው ልብስ ግን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። እሑድ ጠዋት እትዬ ብቅ ይሉለታል። እሷ ገንዳውን በወርዱ ማቋረጥ ችላለች። ቢሆንም ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት፤ መልበሻ ክፍል ስትገባ ከፎጣዋ በፊት ስልኳን ነው የምታነሳው። ሳቂታ «ተረጋጊ» ብትላትም አልሆነላትም። አውቶቡስ ውስጥ ያ የቀድሞው እፍረት አንዳንዴ ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል።

ቤት ስትገባ አባቷ እጁን አንስቶ አየሩን ይቀዝፍላታል፤ እንዴት ነበር ማለቱ ነው። እሷም ከዋኘችው ላይ ትንሽ ጨመር አድርጋ ትነግረዋለች።