ድምፅ መላክ ክልክል ነው

ኮምፒውተር እወዳለሁ። እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሥራ ቀን በአንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የተበላሹ ኮምፒውተሮች ሳስተካክል እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ማንም ያላዘዘኝን ፕሮግራም እጽፋለሁ። በድሬዳዋ ሙቀት ቬንትሌተሩን ከእኔ ላይ አንሥቼ ወደ ኮምፒውተሩ ያዞርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ስለ ኢንተርኔት የማልደራደርባቸው አስተያየቶች ነበሩኝ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ ላይ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ የሚልክ ሰው የሌላውን ፓኬጅ ይበላል እል ነበር። የይለፍ ቃሉን የልጁን ስም ያደረገ ሰው በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ እቆጥረው ነበር። ከሁሉም የምጠላው ግን የድምፅ መልእክት ነው። ጽሑፍ በአንድ እይታ ይነበባል፣ ሲፈለግም ይገኛል። ድምፅ ግን ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዘመድ አዝማዱን ጠይቆ፣ ወደ ጉዳዩ እስኪገባ ድረስ መጠበቅን ይጠይቃል። ሁለት መስመር ለመጻፍ የሰነፈን ሰው ለመስማት አልገደድም እያልኩ በየተገኘሁበት አወራ ነበር። ሰዎች ይስቃሉ። እኔም ሳቃቸውን እንደ ስምምነት እወስደዋለሁ።

የሰፈራችን ዕድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። ድሮ ሰው ሲሞት በየበሩ እየዞሩ የሚለፍፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም በሌላ ሰው ስለ መተካት ስብሰባ ተጠራ። እኔ ተነሣሁና ለፋፊ አያስፈልገንም፣ ሁሉም ሰው ስልክ ስላለው በስልክ ግሩፕ እንጠቀም አልኩ። ሰብሳቢያችን ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለሁሉም ይደርሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከልፈፋው የበለጠ ይደርሳል አልኳቸው፤ ተጨበጨበልኝም።

ግሩፑን ከፈትኩ፣ ደንቡንም እኔው አወጣሁ። ቀደም ሲል በስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ የተላለፈ መርዶ ተምታቶ ሰው የማይሆን ቤት ሄዶ ስለነበር፣ ከእንግዲህ ሐዘን የደረሰበት ሰው ለየግለሰቡ መደወሉን ትቶ በግሩፑ ያሳውቅ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ግሩፑ በድምፅ ተሞላ። ይሄኔ ቦት ሠራሁ። ቦት ሰው ሳይነካው በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የእኔው ቦት የድምፅ መልእክት ሲመጣ ማንም ሳይከፍተው ያጠፋና ለላኪው ለብቻው የጽሑፍ መልስ ይልካል። መጀመሩን ለአባላቱ ያሳወቅኩት በጽሑፍ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ይህን እንዴት ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም።

አዴ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ናት። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ነው የሚላት፤ እናት እንደማለት ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች። በኦሮምኛ ትገዛለች፣ በሱማልኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ትመርቃለች። ግሩፑን ስልኳ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ስሟን እንድትጽፍ ስሰጣት «አቦ አንተው ጻፈው» ብላ መልሳልኛለች። ማንበብ እንደማትችል አውቅ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አውቅ ነበር ማለትም አላውቅም ማለትም ያሳፍረኛል።

አንድ እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ አዴ ዘግይታ መጣች። ሳምንቱን ሙሉ አላየናትም ነበር፤ ዕቃ ልታመጣ ጅጅጋ የሄደች መስሎናል። አልተቀመጠችም። በሩ ላይ እንደቆመች ለሰብሳቢው ስሟን ከመዝገብ እንዲሰርዙላት ነገረቻቸው።

ሰብሳቢው ደንግጠው ምን እንዳጠፋን ጠየቋት።

«እናቴን ቀበርኩ» አለች። «ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው አልመጣም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችን። እናቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ሐርላ፣ ወንድሟ ዘንድ ነበር የሚኖሩት። መታመማቸውን ሰምታ ሄዳ በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ። ቤቱ አካባቢ ኔትወርክ ስላልነበረ ኮረብታ ላይ ወጥታ፣ ደንቡ እንደሚለው፣ በግሩፑ ድምፅ ላከች። ወዲያው መልስ መጣላት። ሰምተውኛል ብላ ወረደች፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ወንድሟ ጀናዛው በዙሁር፣ በቀትሩ ሶላት፣ እንዲወጣ አስቦ ነበር። የድሬ ሰዎች እየመጡ ነው ስላለችው ከሰዓት በኋላ እስካለው የአስር ሶላት አቆየላት። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ውሃ ተቀድቶ ሲጠብቁ ዋሉ።

ሰብሳቢው እኛ ምንም እንዳልሰማን ማሉላት። አዴ ስልኳን አወጣች። መልሳችሁልኝ የለም ወይ ብላ ዘረጋችላቸው። እሳቸው መነጽር አልያዙምና ወደ እኔ አሳለፉት።

ሳላየው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ድምፅ መላክ ክልክል ነው። እባክዎ በጽሑፍ ይላኩ። እናመሰግናለን።» ሃያ ያህል ሰው አፌን ያያል። አዴም ታየኛለች።

«አላህ ይርሐማት ይላል» አልኩ።

«አሚን» አለች አዴ። ቤቱም ተከትሎ አሚን አለ።

እንዴት ለእሷ መልስ መጥቶላት እኛ ሳንሰማ ቀረን ብለው ሲጠይቁኝ የሐርላ ኔትወርክ ደካማ ነው አልኩ። መልእክቱ ማሽኑ ጋ ደርሶ ሰው ጋ ሳይደርስ ቀርቷል ብዬም አስረዳሁ። አመኑኝ፤ ስለ ኮምፒውተር ሳወራ የሚያምኑኝ ሰዎች ናቸው። ሁላችንም ያኔውኑ ተነሥተን ቤቷ ለቅሶ ደረስን። እኔም ሄድኩ። ቴምር ቀረበልኝ፣ በላሁ። አንዷ ጎረቤት ይሄ ግሩፕ የሚባል ነገር ብላ ልታማርር ስትጀምር አዴ አቋረጠቻት። ልጁ ምን ያድርግ፣ ኔትወርክ እሱ አልሠራው አለች። 

ቤቴ ገብቼ ቦቱን ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩ። አንድ ድምፅ፣ አርባ አንድ ሰከንድ፣ ጠፍቷል ይላል። ድምፁ ግን የለም። አጥፋ ስለው ከሥሩ እንዲያጠፋ አድርጌ በመሥራቴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ሁለት ቀን አስተያየት አልሰጠሁም። ሥራ ቦታ ባልደረባዬ ስለ አዲስ ስልክ ሊያከራክረኝ ቢሞክር የፈታሁትን ኮምፒውተር መግጠም ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ወደ መጋላ ተሻገርኩ። አዴ ሱቋ ደጃፍ ሻሽ እያጣጠፈች ነበር።

ስልኳን ለመንኳትና ከፈትኩት። ያን ዕለት ያነበብኩላት ልክ እንዳልሆነ ነገርኳት።

«አልታየህም ነበር?» አለች።

«ታይቶኛል። ዋሽቼሽ ነው።»

ከዚያ እያንዳንዱን ቃል አነበብኩላት። «እናመሰግናለን» የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ። ክልክል ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ መሆኔን ነገርኳት። በዚህ መሐል ገዢ መጣች። አዴ ተነሥታ ሦስት ሻሽ ዘርግታ አሳየቻት፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ሸጠችላትና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ለኔ ነገርከኝ» አለች። «ወንድሜ ግን ሰፈርሽ ይሄ ነው ወይ ብሎኛል። ሐርላ ሄደህ ለሱ ንገረው።»

በዚያው ዕለት ከሥራ ስወጣ ለሰብሳቢው ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እኔም አጨብጭቤልሃለሁ አሉኝ፤ ቅዳሜ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብለውም ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

ወንድሟ ፍየሎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠን፣ ውሃም አጠጣን። አማርኛው ትንሽ ስለሆነ አዴ ልታስተረጉም መሐላችን ተቀመጠች። ግሩፑ ለምን እንደተከፈተ፣ ድምፅ ምን ያህል እንደበዛ፣ ቦት ምን እንደሆነ፣ ክፋት አስቤ እንዳልሆነ አብራራሁ። ብዙ ተናገርኩ። አዴ በኦሮምኛ ያለችው ግን በጣም አጭር ነበር። ምን እንዳለችው ጠየቅኋት።

«ድምፄን ሳይሰማ ጣለው አልኩት» አለች።

ሌላ የሚጨመር አልነበረም። ወንድሟ ወደ እኔ ዞሮ በራሱ አማርኛ፣ «ማንም አልሰማም?» አለ።

«ማንም።»

«አንተስ?»

«እኔም አልሰማሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለእህቱ አንድ ነገር አላት። ያን ዕለት ያለችውን አሁን እንድትልልን ነበር የጠየቃት። አዴ ነጠላዋን አስተካከለችና መሬት መሬት እያየች በአማርኛ ተናገረች። መጀመሪያ ሰላም ደረደረች፤ ሰብሳቢውን፣ የታመመችውን ጎረቤት፣ አራስ የነበረችውን የእኔን ሚስት ሳይቀር ጠየቀች። ቀጥላ እናቷ ማለፋቸውን ተናገረች።

«መንገዱ ድንጋይ ነው» አለች በመጨረሻ። «አሮጊቶቹ እንዳይመጡ፣ ይጎዳሉ። እዚያው ሆነው ዱዓ ያድርጉልን።»

ሰብሳቢው በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ በዚያ ቦታ ለቅሶ መብቴ አልመሰለኝም። ወንድሟ አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ አላለም፣ አልረገመኝምም። ተነሥቶ የእናታቸውን መቃብር ሊያሳየን ወሰደን። ሰብሳቢው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፣ እኔም አጠገባቸው። ስንመለስ አዴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ድሬ ገባን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለሁሉም ተናገርኩ። ግሩፑ አለ፤ የሚመራው ግን ሌላ ሰው ነው። መርዶ ሲመጣም አንድ ወጣትና አንዲት እናት በየበሩ ዞረው ይነግራሉ። አዴ ስሟን አላሰረዘችም።

የድምፅ መልእክት አሁንም አልወድም፤ ወደድኩት ብል ሌላ ውሸት ነው። ግን የመጣልኝን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ ጉሮሮ ጠረጋውንም ጭምር። ስለ ኢንተርኔት ስጠየቅ አስተያየቴን እናገራለሁ፤ ቆይቼ ግን የተናገርኩት የማን ቤት እንደደረሰ አስባለሁ።

አዴ ሰላምታዬን ትመልሳለች። ለልጄ ሻሽ ቆርጣ ሰጥታናለች። ባለፈው ስልኳ እምቢ ሲላት ግን በእኔ በር አልፋ ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄዳ የማታውቀው ስልክ ሠሪ ዘንድ አሠራችው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስታልፍ አየኋት። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት።